ጠባብ ክፍተት ዝግ በር አይደለም፦ ስለ ከርነል ሽሚያ ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ባሕር ዳር ውስጥ ከኮምፒውተር ጋር የሚውል ሰው ሁሉ ስልክ ላይ የገባ አንድ ጽሑፍ አለ። «የከርነል ሽሚያ፦ ባለሙያዎች የሚያስፈራሩበት ጭራቅ» ይላል ርዕሱ። ከፖሊ እስከ ፔዳ ካምፓስ ተማሪዎች ተቀባብለውታል፤ የመሥሪያ ቤት ሰርቨር የሚጠብቁ ባልደረቦቼም «ተገላገልን» እያሉ ልከውልኛል። ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። አጻጻፋቸው ግን ግልጽ ነው፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳይሆን ሥራ ላይ ውለው የጻፉ መሆናቸውም ያስታውቃል። ተራ አሉባልታ ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ ባለፍኩት ነበር። ብዙ ሰው አምኖ የተቀበለው በደንብ ስለተጻፈ ነው፤ መልስ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

አስቀድሜ ነገሩን ላልተከታተለ አንባቢ ላስረዳ። በሊኑክስ ከርነል (በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ፒትሬስ የሚባል ሲስተም ኮል (ፕሮግራም ከርነሉን አገልግሎት የሚጠይቅበት ጥሪ) አለ። አንድ ፕሮሰስ፣ ማለትም በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም፣ ሌላውን እንዲይዝ፣ እንዲያስቆም፣ ሚሞሪውንና ሬጅስተሮቹን (ፕሮሰሰሩ ለጊዜው ቁጥር የሚይዝባቸውን ትንንሽ ቦታዎች) እንዲያነብና እንዲለውጥ የሚያስችለው እሱ ነው። ጂዲቢ የተባለው ዲበገርም (የፕሮግራም ስህተት መፈለጊያ) ሆነ አንድ ፕሮግራም የሚጠራቸውን ሲስተም ኮሎች የሚዘረዝርልን ኤስትሬስ የቆሙት በእሱ ላይ ነው። መርማሪው (የያዘው ፕሮሰስ) በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ ተመርማሪውም (የተያዘው) በራሱ። ከሁለቱ ውጭ ያለ ሦስተኛ ወገን ደግሞ በማንኛውም ሰዓት ለተመርማሪው ሲግናል (አጭር የትእዛዝ ምልክት) ሊልክ ይችላል። ውጤቱ «ማን ቀድሞ ደረሰ» በሚለው ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ከሆነ ባለሙያዎች ሬስ ኮንዲሽን ይሉታል፤ እኔ እንደ ጸሐፊው ሽሚያ እያልኩ እቀጥላለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጽሑፉን ፍሬ ነገር በታማኝነት ላስቀምጠው። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ፦ በፒትሬስ ውስጥ አለ የሚባለው ሽሚያ የሚፈጠርበት ክፍተት የናኖሴኮንዶች ጉዳይ ስለሆነ በተግባር አይከሰትም። ቢከሰት እንኳ ብዙ ፕሮሰሰር ባለው ማሽን ላይ ነው፤ በየመሥሪያ ቤታችን ያሉትን ባለ አንድ ፕሮሰሰር ሰርቨሮች አይመለከትም። ክትትል ሲደረግበት የሚጠፋ ችግር የኤሌክትሪክና የዕቃ ችግር እንጂ የሶፍትዌር ችግር አይደለም። ጥርጣሬ ካለ ደግሞ በሁለቱ እርምጃዎች መካከል ትንሽ ስሊፕ (ፕሮግራሙ ለጥቂት ጊዜ የሚተኛበት ትእዛዝ) ማስገባት ይበቃል። ፒትሬስ የፕሮግራም ጸሐፊዎች መሣሪያ ስለሆነ ተራ ተጠቃሚን አይነካም። በመጨረሻም፣ ለዓመታት የተፈተነና በብዙ ሰው የተነበበ ኮድ ስለሆነ ተማሪዎቻችን በእሱ ላይ ጊዜያቸውን ባያጠፉ ይሻላል።

ከናኖሴኮንዱ ልጀምር። ክፍተቱ ጠባብ ነው በሚለው ላይ ክርክር የለኝም። ጸሐፊው ግን ከጠባብነቱ ተነሥተው «ስለዚህ አይመታም» ወደሚለው ሲሻገሩ አንድ ነገር ዘለዋል፤ ሙከራው ስንት ጊዜ እንደሚደገምና ጊዜውን የሚመርጠው ማን እንደሆነ አልጠየቁም። አንድ ፕሮግራም በሴኮንድ ውስጥ ብዙ ሺህ ጊዜ መሞከር ይችላል። የሚሞክረው ሆን ብሎ የሚያጠቃ ሰው ከሆነ ደግሞ ዕድሉን አይጠብቅም፤ ማሽኑን ያጨናንቃል፣ አንደኛውን ወገን ያዘገያል፣ ክፍተቱን በእጁ ያሰፋል።

በ2013 የተገለጸው የፒትሬስ ስህተት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፤ ከ3.7.5 በፊት የነበሩ የሊኑክስ ከርነሎችን ይመለከታል። መርማሪው «የተመርማሪውን ሬጅስተሮች እንዲህ አድርገህ ጻፍ» ብሎ ሲያዝ ከርነሉ መጀመሪያ ተመርማሪው በእርግጥ መቆሙን ያረጋግጣል፤ ከዚያ ይጽፋል። የቆመ ፕሮሰስ ሬጅስተሮች የሚቀመጡት በዚያው ፕሮሰስ የከርነል ስታክ (ከርነሉ ለጊዜያዊ ሥራው በሚጠቀምበት ሚሞሪ) ላይ ነው። አሁን በማረጋገጡና በመጻፉ መካከል አንድ ሰው ለተመርማሪው ሲግኪል ላከበት እንበል። ሲግኪል አልቀበልም የማይባል ሲግናል ስለሆነ ተመርማሪው ይነቃል፤ ከቆመበት ወጥቶ ወደ ሞቱ ይጓዛል። በዚህ ጉዞ ላይ ሬጅስተሮቹ ተቀምጠውበት የነበረው የስታክ ክፍል ይለቀቅና ከርነሉ ራሱ ለሌላ ሥራ ይጠቀምበታል። መርማሪው ግን ይህን ሁሉ አያውቅም፤ እዚያው ቦታ ላይ መጻፉን ቀጥሏል። ተራ ተጠቃሚ የከርነሉን ስታክ በፈለገው ቁጥር ሞላው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሩት (የማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ) ሥልጣን ለመያዝ የሚቀረው መንገድ አጭር ነው፤ ስህተቱም የተመዘገበው ተራ ተጠቃሚ ሥልጣኑን ከፍ የሚያደርግበት ተብሎ ነው፤ ማሳያ ፕሮግራምም ተሠርቶለታል።

ጥገናውን የሠራው የከርነል ባለሙያ ኦሌግ ኔስቴሮቭ ክፍተቱን ይበልጥ ላጥብበው አላለም። ከርነሉ የመርማሪውን ትእዛዝ እየፈጸመ ባለበት ጊዜ ተመርማሪው በሲግኪልም ቢሆን እንዳይነቃ አደረገ፤ ትእዛዙ ሲያበቃ የሚጠብቀው ሞት ካለ ያን ጊዜ ይቀሰቀሳል። ክፍተቱ ጠፋ። ጸሐፊው «አይመታም» ያሉትን ነገር የሚጠግኑ ሰዎች ስለ ናኖሴኮንድ ሳይሆን ስለ ቅደም ተከተል ነው የሚያስቡት።

«በተግባር አይከሰትም» የሚለውን ቃል ከሁሉ አስቀድሞ መተው የነበረበት ግን ራሱ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ነው። በ2016 ጥቅምት ወር ደርቲ ካው የተባለው ስህተት ሲስተካከል ከጥገናው ጋር የጻፈው ማስታወሻ አለ። ችግሩን ከ11 ዓመት በፊት ሊያስተካክለው ሞክሮ በደንብ እንዳልሠራው፣ ያ ሙከራም በሌላ ምክንያት መልሶ እንደተነሣ ያስረዳል። ያን ጊዜ የንድፈ ሐሳብ ብቻ የነበረው ሽሚያ የከርነሉ የሚሞሪ አያያዝ በብዙ ፕሮሰሰር ላይ እየተቀላጠፈ ሲሄድ ለመፍጠር ቀላል እየሆነ መጥቷል ይላል። ደርቲ ካው በአንድ በኩል ከፒትሬስ ጋር ዘመድ ነው፤ አንድ ፕሮሰስ ሊነበብ እንጂ ሊጻፍበት የማይገባውን ፋይል በሚሞሪ በኩል ለመጻፍ ከሚያልፍባቸው በሮች አንዱ ዲበገር የሰውን ሚሞሪ የሚጽፍበት የፒትሬስ ትእዛዝ ነበር። አንዱ ትሬድ (በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ጎን ለጎን ከሚሄዱ ሥራዎች አንዱ) ይጽፋል፤ ሌላው ከርነሉን «ያንን የሚሞሪ ገጽ ጣለው» እያለ ይወተውታል፤ ሁለቱም ያለማቋረጥ ይደጋግማሉ። የሥርዓት ፋይል ላይ ለመጻፍ በተራ ኮምፒውተር ላይ ይህን ያህል መጠበቅ አያስፈልግም ነበር። ክፍተቱ ዛሬ ጠባብ ነው ማለት ነገም ጠባብ ነው ማለት አይደለም፤ ከርነሉ ይለወጣል፣ ማሽኑም ይለወጣል።

ሁለተኛው ነጥብ ብዙ አያቆየንም። ባለ አንድ ፕሮሰሰር ማሽን ላይ ሁለት ነገሮች በእርግጥ በአንድ ቅጽበት አይሠሩም። ግን አንዱ በመሐል ተቋርጦ ሌላው ይገባል፤ ለሽሚያ ይህ በቂ ነው። ተመራማሪው ሮበርት ዋትሰን በ2007 ባቀረበው ጥናት ላይ ሲስተም ኮሎችን መሐል ገብተው የሚመረምሩ የጥበቃ ፕሮግራሞችን በዚህ መንገድ አልፏቸዋል። ዘዴው ቀላል ነው፦ ጥበቃው የፋይሉን ስም ከተጠቃሚው ሚሞሪ አንብቦ «ይሁን» ይላል፤ ከርነሉ ያንኑ ስም ለራሱ ሥራ እንደገና ሲያነብ ሚሞሪው ዲስክ ላይ የወጣ ገጽ ሆኖ ይገኛል። ገጹ ከዲስክ እስኪመጣ ከርነሉ ይተኛል። በዚያ መሐል ሌላ ፕሮሰስ ተነሥቶ ስሙን ይለውጠዋል። ናኖሴኮንድ የነበረው ክፍተት የዲስክ ንባብ ያህል ሰፋ፤ ያውም በአንድ ፕሮሰሰር ላይ። በ2003 የታወቀውን ሌላ ስህተትም መጥቀስ ይቻላል። ከርነሉ ሞጁል (የከርነሉን ተጨማሪ ክፍል) ለመጫን ልጅ ፕሮሰስ ሲፈጥር ተራ ተጠቃሚ በፒትሬስ ያንን ልጅ ቀድሞ ይይዘውና የሩት ሥልጣን ያገኝ ነበር። የዚያን ጊዜ አብዛኛው ኮምፒውተር ስንት ፕሮሰሰር እንደነበረው ጸሐፊውም ያስታውሳሉ ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ የጽሑፉ ልብ እዚህ ነውና። ጸሐፊው የራሳቸውን ገጠመኝ ያቀርባሉ። የሚያስተዳድሩት ሰርቨር ላይ አንድ ፕሮሰስ አልፎ አልፎ ይንጠለጠልባቸዋል። ምክንያቱን ለማወቅ በየጊዜው ፕሮሰሱን የሚይዝ፣ ሬጅስተሮቹን የሚያትምና መልሶ የሚለቅ አጭር የሲ ፕሮግራም ጻፉ፤ ለአንባቢም ከጽሑፉ ጋር አያይዘውታል፤ ለዚህ ግልጽነታቸው ምስጋና ይገባቸዋል። ፕሮግራሙ ብዙ ጊዜ የሚታመን ቁጥር ያሳያል። አንዳንዴ ግን ትርጉም የሌለው ቁጥር ያወጣል፤ ይህ የሚሆነው ደግሞ በአብዛኛው መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ነው። በኤስትሬስ ሲከታተሉት መንጠልጠሉ ይጠፋል። ፕሮግራሙን ካስገቡ በኋላ ጭራሽ መንጠልጠሉ በዛ። ድምዳሜያቸው፦ የኃይል መዋዠቅ ማሽኑን ጎድቶታል፤ እየባሰበትም ነው።

በዚህ ከተማ የሚኖር ሰው መብራትን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። የኃይል መዋዠቅ ዲስክና ሚሞሪ እንደሚያበላሽ ሁላችንም እናውቃለን፤ ምርመራን ከዕቃው መጀመርም ትክክለኛ ልማድ ነው። ጸሐፊው ያስተዋሉትን ነገር በሙሉ እቀበላለሁ፤ አንዱንም አልጠረጥርም። ያስተዋሉትን የሚያስረዳው ግን ያያዙት ኮድ ራሱ ነው።

ኮዱን ላነበበው ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። በመጀመሪያ በፒትሬስ «ያዝ» ይላል። ቀጥሎ ለ100 ሚሊሴኮንድ ይተኛል። ከዚያ ሬጅስተሮቹን ያነባል፣ ያትማል፣ ይለቃል። ሁለት ነገሮች ይጎድሉታል። ተመርማሪው በእርግጥ መቆሙን በዌይትፒድ (የሌላ ፕሮሰስን መቆም ጠብቆ በሚያሳውቅ ጥሪ) አይጠብቅም። ከርነሉ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የመለሰው «ተሳክቷል» ወይም «አልተሳካም» የሚል መልስም አይታይም።

«ያዝ» የሚለው ትእዛዝ ለተመርማሪው ሲግስቶፕ (የማስቆሚያ ሲግናል) ይልክና ወዲያው ይመለሳል፤ እስኪቆም ድረስ አይጠብቅም። ተመርማሪው የሚቆመው ሲግናሉን ማስተናገድ ወደሚችልበት ቦታ ሲደርስ ነው። ዲስክ እየጠበቀ፣ ሊቋረጥ በማይችል እንቅልፍ ውስጥ ያለ ፕሮሰስ ደግሞ ዲስኩ እስኪመልስለት ሲግናል አያስተናግድም። መብራት ተመልሶ ሰርቨሩ ሲነሣ ምን እንደሚሆን አስቡት፦ አገልግሎቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሣሉ፣ የፋይል ሥርዓቱ ያልተጠናቀቀውን መዝገብ ያስተካክላል፣ ዲስኩ ላይ ሰልፍ ይፈጠራል። 100 ሚሊሴኮንዱ ያልፋል፤ ተመርማሪው አልቆመም። ሬጅስተሮቹን አንብብ የሚለው ትእዛዝ «እንዲህ ያለ ፕሮሰስ የለም» የሚል የስህተት መልስ ይዞ ይመለሳል። ከርነሉ ምንም አልጻፈምና ፕሮግራሙ የሚያትመው በዚያ ቦታ ቀድሞ የነበረውን ማንኛውንም ቁጥር ነው። ትርጉም የሌለው ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው። መብራቱ ተጠያቂ ነው ከተባለ ተጠያቂነቱ ዲስኩን በማጨናነቁ ነው፤ ሬጅስተር አላበላሸም።

መንጠልጠሉ ለምን በዛ? እዚህ ላይ የፒትሬስ ማንዋል ራሱ ያስጠነቅቃል። መርማሪው ሲይዝ ከሲግስቶፑ በፊት ሌላ ሲግናል ሊደርስና ተመርማሪው በዚያኛው ሊቆም ይችላል። ማንዋሉ የሚመክረው ሌሎቹን ሲግናሎች እየመለሱ ሲግስቶፑ እስኪታይ መጠበቅ፣ ሲታይም እንዳያልፍ ማስቀረት ነው። የጸሐፊው ፕሮግራም ተመርማሪው በምን ምክንያት እንደቆመ ሳይጠይቅ ይለቀዋል። በዚህ ጊዜ ሁለት ጉዳት ይደርሳል፦ ቀድሞ የደረሰው ሲግናል ይጠፋል፤ ወደኋላ የቀረው ሲግስቶፕ ደግሞ መርማሪው ከሄደ በኋላ ይደርሳል። ተመርማሪው ይቆማል፤ የሚቀሰቅሰው የለም። ለማየት ለሚጓጓ ሰው ምልክቱ ቀላል ነው፤ የተንጠለጠለው ፕሮሰስ ፒኤስ የተባለው ትእዛዝ በሚያሳየው የፕሮሰሶች ዝርዝር ላይ ትልቁን «ቲ» ካሳየ ቆሞ ቀርቷል ማለት ነው። «ዲ» ካሳየ ዲስክ እየጠበቀ ነው። በሽታውን ለመፈለግ የተላከው ፕሮግራም በሽታ ጨምሮ ተመልሷል።

ማንዋሉ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። በዚህ የአያያዝ ዘዴ ላይ፣ በተመሳሳይ ጊዜ ከሌላ ሰው የተላከ እውነተኛ ሲግስቶፕ ሊጠፋ እንደሚችል ጠቅሶ ይህን የንድፍ ስህተት ነው ይለዋል። የከርነሉ ሰዎች በራሳቸው ሰነድ ላይ የጻፉት ነው፤ አስፈራሪ ባለሙያ የፈጠረው አይደለም። በ2012 በወጣው ሊኑክስ 3.4 ላይ ሲዝ የተባለ አዲስ የአያያዝ ትእዛዝ የተጨመረውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሲግስቶፕ ሳይልክ ይይዛል፤ ለማስቆም ሌላ ራሱን የቻለ ትእዛዝ አለው።

በኤስትሬስ ሲታይ ስለሚጠፋውስ? ኤስትሬስ ተመርማሪውን በእያንዳንዱ ሲስተም ኮል ሁለት ጊዜ ያስቆመዋል፤ ሲገባና ሲወጣ። በእያንዳንዱ ማቆሚያ መርማሪው ይቀሰቀሳል፣ ይጽፋል፣ ተመርማሪውን ይለቃል። ፕሮግራሙ ይንቀራፈፋል፤ የእርምጃዎቹ ቅደም ተከተልም ከቀድሞው ይለያል። ሲታይ የሚጠፋ ችግር ጊዜ ላይ የተመሠረተ ችግር መሆኑን ያመለክታል፤ የጸሐፊው ማስረጃ ለእኔ ወገን የሚመሰክር ነው። የተበላሸ ሚሞሪ ኤስትሬስ ስላየው አይታረምም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ፕሮሰሱን ሳያስቆሙ የሚመዘግቡ መሣሪያዎች ይሻላሉ፤ ከ2008 ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ ያለው ኤፍትሬስ አንዱ ነው። ብዙዎቻችን እጃችን ስለለመደ ብቻ መጀመሪያ ኤስትሬስን እንጠራለን።

ስለ ስሊፕ ያለው ነጥብ በከፊል ተመልሷል፤ 100 ሚሊሴኮንዱ ራሱ ስሊፕ ነበርና። ሆኖም መድኃኒቱ በከተማችን ሰፊ ተቀባይነት ስላለው ትንሽ ልጨምር። ለተማሪዎች ልምምድ ብዬ የምሰጠው አንድ ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ለሚሄድ ጀልባ መቀመጫ በሁለት መስኮት የሚሸጥ። እያንዳንዱ መስኮት የቀረውን መቀመጫ ያነባል፤ ከዜሮ በላይ ከሆነ አንድ ቀንሶ ይጽፋል፣ ትኬት ያወጣል። አንድ መቀመጫ ብቻ ሲቀር ሁለቱም «አንድ አለ» ብለው ያነቡና ሁለት ትኬት ይሸጣሉ። የመጀመሪያው የተማሪ መፍትሔ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ሁለተኛው መስኮት አንድ ሴኮንድ ይጠብቅ። ይሠራል፤ የመጀመሪያው መስኮት በሆነ ምክንያት ከአንድ ሴኮንድ በላይ እስኪዘገይ ድረስ። ስሊፕ የሚጠራው ፕሮሰስ ቢያንስ ያን ያህል እንደሚቆይ ቃል ይገባል እንጂ ሌላው ወገን ሥራውን መጨረሱን አያውቅም፤ ሊያውቅም አይችልም። ለጀልባው የሚበጀው ማንበቡንና መቀነሱን በአንድ ቁልፍ ሥር አድርጎ አንድ የማይከፈል እርምጃ ማድረግ ነው።

ስሊፕ ግን ከንቱ ነው አልልም፤ ጸሐፊው በተሳሳተ ቦታ አስገቡት እንጂ። በማንበቡና በመጻፉ መካከል ሆን ብዬ ስሊፕ ሳስገባ፣ አልፎ አልፎ ይታይ የነበረው ስህተት በየጊዜው ይታያል፤ ተማሪው በዓይኑ ካየው በኋላ ክርክሩ ያበቃል። የከርነሉ ባለሙያዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ። በ2020 በወጣው ሊኑክስ 5.8 ላይ የተጨመረው ኬሲሳን የተባለው መመርመሪያ አንዳንድ የሚሞሪ ንባብና ጽሕፈቶችን እየመረጠ ጥቂት ያዘገያቸዋል፤ በዚያ መሐል ሌላ ወገን ያንኑ ቦታ ከነካ ይይዘዋል። መዘግየት ችግሩን ለማግኘት ጥሩ መብራት ነው፤ ጸሐፊው እንደ ጥገና ወስደውታል።

አምስተኛው ነጥብ፣ ተራ ተጠቃሚን አይነካም የሚለው፣ ግማሽ እውነት አለው። ከላይ የጠቀስኳቸው ስህተቶች ሁሉ አጥቂው አስቀድሞ በማሽኑ ላይ ፕሮግራም ማስኬድ መቻሉን ይጠይቃሉ። ይሁንና በጋራ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ማን ነው «ውጭ» ያለው? እያንዳንዱ ተማሪ የራሱ መግቢያ አለው፤ እያንዳንዱ የጻፈውን ፕሮግራም ያስኬዳል፤ ሥራውም ይኸው ነው። ድረ ገጽ በሚያስተናግድ ሰርቨር ላይም በገጹ ውስጥ ያለች ትንሽ ቀዳዳ አጥቂውን የተራ ተጠቃሚ ሥልጣን ትሰጠዋለች፤ ከዚያ በኋላ የከርነል ሽሚያ ቀሪውን ይሠራል። አንድሮይድ ስልክ የሚሠራው በሊኑክስ ከርነል ነው፤ በ2017 ደርቲ ካውን የሚጠቀም ተንኮል አዘል ፕሮግራም በስልኮች ላይ ተገኝቷል። የስልኩ ባለቤት ፒትሬስ የሚለውን ቃል ሰምቶ ላያውቅ ይችላል፤ ጉዳቱ ግን ደርሶበታል።

ጸሐፊው በዚህ ክፍል ያማ የተባለውን የከርነል መከላከያ ጠቅሰው «ይህ በር ከተዘጋ ቆየ» ይላሉ። ያማ ጠቃሚ ነገር ነው፤ ያልተከፈተበት ሰርቨር ያለው ሰው ዛሬውኑ ይክፈተው። ከሊኑክስ 3.4 ጀምሮ ከከርነሉ ጋር ይመጣል፤ ኡቡንቱ ግን ከ2010 ጀምሮ ነበረው። በተለመደው አቋሙ አንድ ፕሮሰስ ከራሱ ዘር ውጭ ያሉትን ፕሮሰሶች እንዳይዝ ይከለክላል፤ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን የይለፍ ቃል ከሚሞሪ እንዳይሰርቅ ያግዛል። ነገር ግን የ2013ቱ ጥቃት የሚፈጸመው አጥቂው በራሱ ልጅ ፕሮሰስ ላይ ነው፤ ደርቲ ካው ደግሞ በራሱ ሚሞሪ ላይ። ያማ ልጅን መያዝ አይከለክልም፤ ቢከለክል ኖሮ ጂዲቢ አይሠራም ነበር። ጸሐፊው የተዘጋ ያሉት በር ከጥቃቱ መንገድ ጋር አይገናኝም።

የኮዱን ዕድሜ በተመለከተ አጭር መልስ አለኝ። ፒትሬስ በዩኒክስ የተወለደው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ያኔ ትሬድ የሚባል ነገር አልነበረውም። ኮዱ ያረጀው ዙሪያው እየተለወጠበት ነው። ደርቲ ካው ከ2007ቱ ሊኑክስ 2.6.22 ጀምሮ እስከ 2016 ድረስ ስንት ዓይን እያየው ቆየ? በ2019 ደግሞ ያን ሆርን የተባለው ተመራማሪ ልጅ ፕሮሰስ ወላጁን «መርምረኝ» ሲል ከርነሉ የማንን ሥልጣን እንደሚመዘግብ የተሳሳተበትን ቦታ አገኘ፤ ስህተቱ የሩት ሥልጣን የሚያስገኝ ሲሆን በ5.1.17 ተስተካከለ። ብዙ ሰው አንብቦታል የሚለው ክርክር እውነት ነው፤ እነዚህን ያገኟቸውም እያነበቡ የነበሩት ሰዎች ናቸው።

ከዚህ ተነሥተው ተማሪዎቻችን ይተዉት የሚለውን ምክር በግማሹ እቀበላለሁ። አብዛኞቹ ተመራቂዎች ከርነል ውስጥ አንድ መስመር እንኳ ሳይጽፉ ጡረታ ይወጣሉ። በመማሪያ ክፍልም ቢሆን ፒትሬስን ከነዝርዝሩ ማስጨነቅ አያስፈልግም። ሌላ አንድ ነገርም ልጨምርላቸው፦ ምክንያቱ ያልታወቀ ስህተት ሁሉ «ሽሚያ ነው» ተብሎ ፋይሉ የሚዘጋበት ልማድ በመካከላችን አለ፤ ጸሐፊው የተቆጡት በዚህ ከሆነ አብሬያቸው እቆጣለሁ። ሽሚያ ነው ያለ ሰው ሁለቱን ወገኖች፣ የሚጋሩትን ነገርና መጥፎውን ቅደም ተከተል በስም መጥራት አለበት። አለበለዚያ መብራቱን ከመውቀስ በምን ይሻላል?

ተማሪው የሚፈልገውም ይህን መጥራት መቻልን ነው። ጀልባ መቀመጫ ለሚሸጥ፣ ከአንድ ሒሳብ ወደ ሌላ ገንዘብ ለሚያስተላልፍ፣ የሕመምተኛ ካርድ ለሚመዘግብ ፕሮግራም ሁሉ ያስፈልጋል፤ «አረጋግጥ፣ ከዚያ አድርግ» በሚሉት ሁለት እርምጃዎች መካከል ሰው ይገባል። ፒትሬስን የምወደው ሦስቱም ወገኖች በግልጽ ስለሚታዩበት ነው። መርማሪ፣ ተመርማሪ፣ በመሐል የገባ ሲግናል። በአንድ ከሰዓት በኋላ የላብራቶሪ ጊዜ ተጽፎ፣ ተሰብሮ፣ ተጠግኖ ሊታይ ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ አሮጌ ኮምፒውተርና ሊኑክስ ብቻ ነው፤ ባለ አንድ ፕሮሰሰርም ይሆናል።

አሁን ወደ ጸሐፊው ፕሮግራም። ለመጠገን ብዙ አይጠይቅም። «ያዝ» በሚለው ትእዛዝ ፋንታ ሲዝን ይጠቀሙ፤ ቀጥሎ የማስቆሚያውን ትእዛዝ ይስጡ። ስሊፑን ያውጡና በዌይትፒድ ይተኩት፤ የመለሰውንም ይመልከቱ፤ ተመርማሪው የቆመው በማስቆሚያው ትእዛዝ ካልሆነና ሌላ ሲግናል ቀድሞ ከደረሰ ሲለቁት ያንኑ ሲግናል መልሰው ይስጡት። የእያንዳንዱን ፒትሬስ መልስ ይፈትሹ፤ ማንዋሉ እንደሚለው ተመርማሪው ቆሞ እያለም ሊሞት ስለሚችል «እንዲህ ያለ ፕሮሰስ የለም» የሚለው መልስ በየትኛውም መስመር ላይ ሊመጣ ይችላል፤ ሲመጣ ምንም አይታተም። ይህን ሁሉ አድርገው ፕሮሰሱ እንደገና ከተንጠለጠለባቸው በፒኤስ ዝርዝር ላይ ያለውን ፊደል ይጻፉልን። «ዲ» ሆኖ ከተገኘ፣ ዲስኩም ተፈትሾ ከተበላሸ፣ ስለ መብራቱ ያሉትን ለዚያ ሰርቨር እቀበላለሁ።